እሷን ተያት

ንቧ የእትዬ በለጥሽ ሻይ ውስጥ ወደቀች።

«ደግሞ ይቺም ለቅሶ ልትደርስ መጣች?» እትዬ በለጥሽ ብርጭቆውን ከድንኳኑ ውጪ ልትደፋው ክንዷን ስታነሳ አርሴማ ቀደመቻት። ጣቷን ሻዩ ውስጥ ነክራ ንቧን አወጣችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ አሳረፈቻት።

«ውይ አንቺ ልጅ፣ የምጠጣው እኮ ነው።»

«ጣቴ ንጹሕ ነው፣ እትዬ በለጥሽ። ንቧም ንጹሕ ናት።»

እትዬ በለጥሽ ሻዩን ሳትጠጣው አስቀመጠችው።

አባቷ አቶ ሀብተሚካኤል ትናንት ነው የተቀበረው። ጫኖ መንደር ላይ፣ ከቤቱ ደጃፍ በተተከለው የእድር ድንኳን ሥር ሴቶቹ ሰሌን ላይ፣ ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የበቆሎ ንፍሮ በሰፌድ ይዞራል፤ ስኳር የበዛበት ሻይ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ይመላለሳል። ንቦቹን የጠራቸው ስኳሩ ነው። መጋቢት ገብቶ ዝናቡ ዘግይቷል። ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው የግራር ጫካ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ደርቆ ቆሟል፤ በየአጥሩ ያለው የሽፈራው አበባም ረግፎ አልቋል። በዚህ ወር አበባ ያጣ ንብ ሰው ቤት ይገባል፤ እንደ ለቅሶ ቤት ደግሞ ስኳር የሚፈስበት ቤት የለም።

አርሴማ ክንፏ የተጣበቀውን ንብ እያየች ከየት እንደመጣች ለመገመት አልተቸገረችም። ግራሩ ላይ የተሰቀሉት የአባቷ ቀፎዎች ሩቅ ናቸው። ይቺ ከጓሮ ናት፤ አርሴማ ራሷ ካስመጣቻቸው ከሁለቱ የሳጥን ቀፎዎች። የሁለቱም መንጋ ሳስቷል። እንዲህ ከሰነበቱ ዝናቡ ሲመጣ የሚያገኘው ሁለት ባዶ ሳጥን ነው። መፍትሔው አንድ ነበር። አባቷ ከለከላት፤ ከልክሎም ሞተ።

ከጀርባዋ ሹክሹክታው ቀጠለ።

«ከላንቴ የመጣችውን ሴትዮ ግን አይተሻታል?»

«ረጅሟን?»

«እሷን። መቃብሩ አፋፍ ላይ በለቅሶ እንዴት እንደሆነች። እህቱ አይደለች፣ ዘመዱ አይደለች።»

«ታዲያ ያ በመጨረሻ ያለው ቃል…»

«እስ፣ ትሰማለች።»

ወይዘሮ ወርቄ ሰምታለች። የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፋ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ዓይኖቿን ንፍሮው ላይ ተክላ ነበር። ከትናንት ወዲህ ያለቀሰችው ለባሏ ይሁን በባሏ ለራሷም አልለየላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወባው ወደ ጭንቅላቱ በወጣበት ከሰዓት በኋላ ሀብተሚካኤል ዓይኑን ገለጠና ጥርት ባለ አማርኛ «እሷን ተያት» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሚስቱና ልጁ። ለየትኛቸው እንደተናገረ አልታወቀም። ከበሩ ውጪ ደግሞ እትዬ በለጥሽ ነበረች፤ ስለዚህ ጀንበር ሳትጠልቅ ጫኖ በሙሉ ሰማ።

«አርሴማ» አለች ወርቄ ወደ ልጇ ጆሮ ጠጋ ብላ።

«አቤት እማዬ።»

«ለእኔ ነው ያለው። ‹እሷን ተያት፣ አትድረሽባት› ማለቱ ነው።»

«ስለ ንብ ነው ያወራው። ለእኔ ነው ያለው። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«ንብ አትበይኝ። አባትሽ የንብን አውራ ዕድሜ ልኩን ‹እሱ› እንዳለ ነው የኖረው። እሱ ወጣ፣ እሱ ገባ፣ እሱ ሸፈተ። ወንድሙ ካሱ ቢሆን እሺ፤ ካሱ እኔንም ‹አንተ› ነው የሚለኝ። አባትሽን ግን አማርኛ ያስተማረው ጦር ሠራዊት ነው። እሱና እሷን አምታትቶ አያውቅም።»

አርሴማ ለሁሉም ነገር መልስ ያላት ልጅ ነበረች። እናቷ ያለችው ግን እውነት ነበር።

የሀብተሚካኤል ታናሽ ወንድም ካሱ ከጨንቻ ደጋ ጋቢውን ተከናንቦ ወርዶ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጧል። የሴቶቹን ወሬ ሰምቶ ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ፈረደ። «ላሟን ነው ያለው። እንዳትሸጡት ብሎ ነው።» የካሱ አማርኛ ከጋሞኛ ጀርባ እየተንጠለጠለ ስለሚመጣ ላም ወንድ፣ በሬ ሴት ቢሆንበት ማንም አይገረምም። ወርቄ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችው።

*

አርሴማ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ስታቋርጥ ያዘነላት ሰው ሁሉ ያበሳጫት ነበር። ሱቅ ውስጥ በርበሬ ሊጠቀለልበት የቀረበ ሽፋን የሌለው የንብ ማነቢያ መጽሐፍ በአንድ እቅፍ ሙዝ ለውጣ ወሰደችና ገጽ በገጽ አጠናችው። ከዚያ በኋላ የሚያዝንላት ቀረ፤ የሚሸሻት በዛ።

አንድ ቀን ራት ላይ፣ «አባዬ» አለችው፤ «አውራው ሴት ናት።»

«ማን አለ?»

«መጽሐፉ።»

«መጽሐፉ ዛፍ ወጥቶ ያውቃል?»

«አንተስ ስንት ዘመን ዛፍ ላይ ስትወጣ እንቁላሉን ማን እንደሚጥለው ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«አውራ እንቁላል አይጥልም። አውራ ያስተዳድራል።»

«ማን ይጥላል ታዲያ?»

ሀብተሚካኤል ጉርሻውን አኝኮ እስኪጨርስ አሰበ። «ሚስቶቹ።»

ወርቄን ውሃ ትን አላት። አርሴማ ግን አልሳቀችም። «አንተ እዚህ ቤት አባወራ ስለሆንክ ቀፎውም ውስጥ አባወራ የተቀመጠ መስሎህ ነው። እዚያ ቤት ያለችው እማወራ ናት።»

ሌላ አባት ቢሆን በጥፊ ይላት ነበር። ሀብተሚካኤል እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲጠራት፣ «ነይ እስቲ እማወራ» ነው። አውራውን ግን «እሱ» ከማለት ንቅንቅ አላለም።

በመጋቢት ነበር የሚጣሉት። ሀብተሚካኤል የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሳያረጥበው ቀፎ የሚባል ነገር አይነካም፤ ጓሮ ሲያልፍ እንኳ ድምፁን ይቀንሳል። «ተርበዋል። የተራበ ሰው ቤት ገብተሽ ጓዳውን ትፈትሻለሽ?» ይላል። ወንድሙ ካሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በጋው ሲያልቅ ያለችውን ማር ጠርጎ ይቆርጣል። ቤቱ ባዶ የሆነበት ንብ አበባ ሲመጣ እንደ እብድ ይሠራል ባይ ነው። የሚሠራም አለ፤ ጥሎት የሚሄድም አለ። ለሄደው ካሱ አያለቅስም፤ ሌላ ቀፎ ይሰቅላል። አርሴማ በዚህ ወር ሳጥኑን መክፈት፣ የሞተውን መጥረግ፣ በሩን ማጥበብ፣ ስኳር በውሃ አሟሙታ ማብላት፣ ደካማውን መንጋ ከሌላው ጋር ማዋሐድ ትፈልጋለች። ሦስቱ ሰዎች መጋቢት ላይ አንድ ጓሮ ውስጥ መቆም አይችሉም ነበር።

*

ማታ ላይ ካሱ ከሴቶቹ በኩል መጥቶ ተቀመጠ።

«ወርቄ፣ ስማ እስቲ። ተዝካሩን እያሰብኩ ነው። የሀብተሚካኤል ተዝካር በጠላ ብቻ ይውጣ? ደጋው በሙሉ ይወርዳል። ጠጅ ያስፈልጋል።»

«ምን ማር አለና፣ ካሱ?»

«ያ ጓሮ ያለው ሳጥን። ሁለቱም ደካማ ነው። ብል ሳይበላው እኔ ልቁረጠው።»

«አይቆረጥም» አለች አርሴማ።

ካሱ ወንድሙን የሚመስለውን ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሬሳውን ያጠበው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም። «ለምን አይቆረጥም? የሚሞት ነገር ነው።»

«አዋሕዳቸዋለሁ። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ይበረታሉ። ዝናቡ ሲመጣ ማሩን እኔው እሰጥሃለሁ።»

«አውራውስ? አንድ ቤት ሁለት አውራ?»

«አንዷ ትገደላለች።»

ካሱ ጋቢውን ሰበሰበ። «አባትህ ከልክሎታል። ነግሮኛል። ደግሞ ሀዘንተኛ ነህ፤ አርፈህ ተቀመጥ።»

«ሀዘንተኛ ነሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» አለች አርሴማ፣ አንድ በአንድ እያረመችው።

«እሱን ነው ያልኩት።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ወርቄ የልጇን ጉልበት ቆነጠጠች። ካሱ ግን አልተቆጣም። «እንግዲህ ነገ ሣልስቱ ይውጣ» አለ። «ከሰዓት በኋላ መጥቼ አየዋለሁ። ብርቱ ሆኖ ካገኘሁት አልነካውም፣ የወንድሜ መታሰቢያ ይሁን። እንዳሁኑ ከሆነ ግን ሁለቱንም ቆርጬ፣ ሳጥኑን ለሚፈልግ እሰጣለሁ።»

ለአርሴማ የቀራት ጊዜ እስከዚያ ብቻ ነበር። የሟች ልጅ ደግሞ ሣልስት ሳይወጣ ከሰሌኑ ተነስታ ሥራ ብትይዝ ጫኖ ምን እንደሚል አርሴማ አሳምራ ታውቃለች። ብዙውን ጊዜ የጫኖን ወሬ ከቁብ አትቆጥረውም። አሁን ግን ወሬው እናቷ ላይ እየወደቀ ነበር፤ በአንዲት ሴት ላይ ሁለት ወሬ ይበዛል።

ደግሞ የአባቷ ቃል ነበር።

*

የካቲት ውስጥ፣ ሀብተሚካኤል ሳይታመም፣ ለምናው ሰልችቶት አንድ ጊዜ እሺ ብሏት ነበር። ኩበት በተበሳ ጣሳ አጭሳ ሁለቱን ሳጥኖች አባቷ እያየ ከፈተቻቸው። የቀኝኛው መንጋ ሳሳ እንጂ ንግሥቲቱ ደህና ነበረች። የግራኛው ግን የሚያሳዝን ነበር። እንቁላሉ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ። ንግሥቲቱን እንጀራው ከተሠራበት የእንጨት ፍሬም ጥግ ላይ አገኘቻት፤ አርጅታ ቆዳዋ ጠቁሯል፣ አንድ ክንፏ ተተርትሯል። ሆኖም ንቦቹ ከበው ይልሷታል፤ ያለቻቸውን አንዲት ጠብታ ማር ለእሷ ያቀብላሉ።

አርሴማ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ያዘቻት። አንድ መጫን ነው የቀራት። ያን ጊዜ አባቷ የእጇን አንጓ ያዘ።

«ልቀቂው።»

«አባዬ፣ ይቺ ከኖረች ሁለቱም ቤት ይጠፋል። የዚህኛው ንቦች ከዚያኛው ጋር ካልተቀላቀሉ…»

«ገባኝ። ልቀቂው።»

«ከገባህ እጄን ለምን ትይዘኛለህ?»

እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያን ጊዜ እርጅና መሰላት። ዶሮ እንኳ በእጁ አርዶ እንደማያውቅ፣ ለፋሲካ ጎረቤት እንደሚጠራ፣ በዚህም እትዬ በለጥሽ «የሴት ልብ ያለው ወታደር» እንደምትለው ታውቃለች። ንግሥቲቱን ፍሬሙ ላይ መለሰቻትና ሳጥኑን ገጥማ፣ «እሺ። ሁለቱም ይሙቱልህ» አለችው።

ከዚያ በኋላ እስኪታመም ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም። ሲታመም ደግሞ ንግግር አልነበረም፤ ትኩሳት ብቻ። በመጨረሻ «እሷን ተያት»።

‹እሷ› ብሎ ተሸንፏል። ያን ዓመት ሙሉ የተከራከሩበትን ነገር በአንዲት ፊደል አስረክቧት ሄደ። ግን ምን እያላት? ጫጩት የጨበጠች ልጅን እናቷ «ተያት» ትላታለች፤ አትጉጂያት ማለቷ ነው። ሰው ደግሞ ያለቀላት፣ የማትድን ሴት አልጋ የሙጥኝ ያለችን አስታማሚ «በቃ፣ ተያት» ይላታል፤ ትሂድ፣ አሰናብቻት ማለቱ ነው። አርሴማ ቃሉን ሰሌኑ ላይ ተኝታ ስታገላብጠው በሁለቱም በኩል እኩል ይነበብላት ነበር። የሚሞት ሰው ለልጁ አንድ ቃል ጨምሮ ቢያብራራ ምን ነበረበት።

*

በሣልስቱ ዕለት ካህናቱ ጸሎት አድርሰው እንደሄዱ አለምሰገድ መጣ። ከሶዶ የሚመላለስ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ በሠራዊቱ ከሀብተሚካኤል ጋር አንድ ጓድ ውስጥ ነበር። ሞቱን የሰማው መንገድ ላይ ነው። ገብቶ አልጮኸም፤ ወርቄ እግር ሥር ቁጭ አለና ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን ደፋ።

ወርቄ ቀና እስኪል አልጠበቀችም።

«አለምሰገድ፣ ከእኔ ሌላ ሴት ነበረችው?»

የእትዬ በለጥሽ ንፍሮ የያዘ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ማን? ሀብቴ?» አለምሰገድ ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። «ምን ነካሽ እቴ?»

«ሲሞት ‹እሷን ተያት› አለኝ።»

«ለእኔ ነው ያለው» አለች አርሴማ። «ስለ ንብ ንግሥት ነው፤ ልገድላት ስል እጄን ይዞኝ ነበር። አንዷን ገድዬ ሁለቱን መንጋ አንድ ላድርግ ስለው እጁ እየተንቀጠቀጠ አስጣለኝ። እማዬ ግን አላምንም አለች። እስቲ እርስዎ ይንገሯት።»

አለምሰገድ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

«አንዷን ገድለሽ ሁለቱን አንድ ልታደርጊ?»

«አዎ።»

«እጁ ተንቀጠቀጠ?»

«አዎ አልኩ እኮ።»

ሰውየው ለረጅም ጊዜ ኮፍያውን በጣቶቹ ሲያዞር ቆየ። ሲጀምር ለማንም የሚናገር አይመስልም ነበር።

«በሰማንያ ሦስት፣ ሰሜን ላይ ስንበተን፣ አዛዣችን ቆሰለና ሞተ። ሁለት የመቶ አለቆች ቀሩ። አንዱ በአስፋልቱ እንውጣ፣ አንዱ በገደሉ እንውረድ አለ። ሁለቱም አዛዥ እኔ ነኝ አሉ። ሰዉ እዚያና እዚህ ቆመ። መትረየሱ ሀብቴ እጅ ነበር። አንደኛው መጥቶ ‹ያንን ሰው ምታው፣ ሰዉ አንድ ይሁን፤ አለዚያ ሁላችንም እናልቃለን› አለው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ሀብቴ አየው፣ ያኛውንም አየው። ከዚያ መትረየሱን መሬት አስቀመጠና ቁጭ አለ።»

«እሰይ» አለች ወርቄ። «ሰው አልገደለም።»

«አልገደለም። ለሁለት ተከፈልን። በአስፋልቱ የሄዱት አልቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ አንዳቸውንም አላየሁም። በገደሉ ከወረድነው ጥማት የበላውን በላና ጥቂት ወጣን። አብረን ብንሆን እንወጣ ነበር ወይ? እኔ ምን አውቃለሁ። ሀብቴ ግን በተገናኘን ቁጥር ይጠይቀኝ ነበር። እዚሁ ጓሮ፣ ሙዝ እየላጥን፤ ‹አለሜ፣ ብተኩስ ኖሮስ?›»

«ምን ይሉት ነበር?» አለች አርሴማ።

«ምን እለዋለሁ? እኔ ከተረፉት ነኝ።»

እትዬ በለጥሽ እንኳ ንፍሮውን ወደ ሰፌዱ መለሰችው። ወርቄ የሰማችው ነገር ከጠበቀችው ሴት የሚከብድ ይሁን የሚቀል አልገባትም። «ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቤ ተኝቶ» አለች ለራሷ፤ «አንድ ቀን እንኳ።»

አርሴማ የአባቷን እጅ እያሰበች ነበር፤ አንጓዋ ላይ የነበረውን። እርጅና ያለችው እርጅና አልነበረም። «ሁለቱም ይሙቱልህ» ያለችውን ደግሞ ሰምቶታል። ከሰው ሁሉ መርጣ ለእሱ ነበር ያለችው።

ፀሐይዋ ከድንኳኑ ወዲያኛው ጎን ዘንበል ብላ ነበር። ካሱ ቢላውን ሊስል ወደ ጎረቤት ሄዷል። አርሴማ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለች እትዬ በለጥሽ።

«ጓሮ።»

«የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ?»

«አፈሩማ ደርቋል፣ እትዬ በለጥሽ። ዝናብ የለ፣ ምን ያርጥበው።»

የተናገረችው ከአፏ ሲወጣ እሷኑ አመማት። ግን አልተቀመጠችም።

*

ሟቹ የተኛበት ክፍል ግድግዳ በጋዜጣ የተለጠፈ ነው። እርጥበት ካላቀቀው ጥግ አንድ ሰፊ ገጽ ስባ ገነጠለችና በመርፌ በሳሳችው። ጣሳው ውስጥ ኩበት አቀጣጠለች። መሸፈኛ መረቧን አልፈለገችም፤ የዘቀዘቀችውን የሐዘን ነጠላ ፊቷ ላይ ጠመጠመችው።

የግራኛውን ሳጥን ስትከፍት ንቦቹ ለመናደፍ እንኳ አቅም አልነበራቸውም። ጭሱ ሲነካቸው ወደ ጎን ሸሸት ብለው ቆሙ። ማር የሚባል የለም። ፍሬሞቹን አንድ በአንድ እያነሳች ፈለገቻት። የተተረተረ ክንፏን ይዛ መሐል ላይ ነበረች፤ ከየካቲት ይልቅ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ከፊት ከኋላዋ ያሉት ንቦች መንገድ ይለቁላታል፣ ይዳስሷታል፣ እንደገና ይከቧታል።

አርሴማ በሁለት ጣቷ አነሳቻት።

የያዛት እጅ አልነበረም። ዞር ብላ አየች፤ ማን እንዲኖር እንደፈለገች እንጃ። የሽፈራው ዛፍ፣ አጥሩ፣ ከወዲያ የሙዙ ቅጠል። «አባዬ» አለች፣ «አልገባኝም። ቃልህ አልገባኝም።» ለአንድ ሰው አልገባኝም ስትል የመጀመሪያዋ ነበር፤ የሰማትም አልነበረም።

ተጫነች። ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ እንደ ጤፍ እንጀራ ዓይን ያለች ነገር ጣቷ ሥር ደቀቀች፤ ሳጥኖቹ አጠገብ ካለው ድንጋይ ጥግ ላይ ጣለቻት።

የቀረውን እጇ ራሱ ሠራው። የቀኝኛውን ሳጥን ክዳን አነሳች፣ ጋዜጣውን አነጠፈች፣ የግራኛውን ሳጥን ንቦቹን እንደያዘ በላዩ ጫነችው። ወረቀቱን ከላይና ከታች እየቀረጠፉ እስኪበሱት ሽታቸው ይቀላቀላል፤ ሲገናኙ አይጋደሉም። ከታች ባለው በር አፍ ላይ ስኳር ያሟሟችበትን ጣሳ ደፍታ አስቀመጠች። በሩን ሣር ወትፋ አጠበበችው። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

ያኔ መጡ። ሳጥኑ ሲነሳ ሜዳ ላይ የቀሩ፣ ከውጪ የሚመለሱ፣ ቤታቸውን ከቦታው ያጡ የግራኛው ንቦች ናቸው። ጥቂት ዞሩና ቀኝ እጇ ላይ አረፉ። አልነደፏትም። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ ተሰበሰቡ። የንግሥታቸው ሽታ እዚያ ነበረ። ጣቶቿን ይልሳሉ፣ በቀንዶቻቸው ይዳስሳሉ፣ ክንፋቸውን ያርገበግባሉ፤ በጥፍሯና በሥጋዋ መሐል ሳይቀር ይፈልጋሉ።

መጽሐፉ ላይ ይህ አልተጻፈም ነበር።

ወርቄ ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

«እሷ ናት?» አለች፣ ድንጋዩ ጥግ ላይ የወደቀችውን እያየች።

«እሷ ናት።»

ወርቄ ጎንበስ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ከረጅሟ የላንቴ ሴት ጋር ስትተናነቅ ኖራ፣ አሁን ያገኘቻት ከገብስ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። ፊቷ የሚስቅ መስሎ ነበር፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተበላሸ። «እኔን» አለች፤ «እኔን ሀብቴ።» ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠርታ አለቀሰች። ሲወጣላት የነጠላዋን ጫፍ አንስታ ንቦቹን ከልጇ ጣት ላይ ልታራግፍ ዘረጋች። አርሴማ እጇን ቀስ ብላ አራቀችና ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው።

ካሱ ቢላውን ይዞ በሙዙ መሐል ብቅ አለ። አንድ ላይ የተደራረቡትን ሳጥኖች አየ፤ ባዶውን መቆሚያ አየ። ቀርቦ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጠፈ። ውስጡ የሚጮኸው የደካማ ቤት ድምፅ አልነበረም። የጥል ይሁን የእርቅ ማንም ገና አያውቅም፤ ብዙ መሆኑን ግን ካሱ ከማንም በላይ ያውቃል። ቢላውን ሰገባው ውስጥ ከተተ።

«ዝናቡ እስኪመጣ» አለ። «ከዚያ እናያለን።»

ቃሉን ለማጽናት እጁን ዘረጋላት።

አርሴማ ከድንጋዩ አልተነሳችም። ቀኝ እጇ ጉልበቷ ላይ እንደተዘረጋ ነበር፤ ጣቶቿ በንብ ጠቁረዋል። ለአጎቷ ግራ እጇን ሰጠችው፤ እንኳን ለአጎት፣ ለልጅ የማይሰጠውን። ካሱ ጉልበቷ ላይ ንብ ያለበሰውን ቀኝ እጇን አየ። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና፣ ዝቅ ብሎ ግራ እጇን በሁለት እጁ ተቀበላት።